የአቶ ዳምጠው መቶ ሁለት

አቶ ዳምጠው መሞቱን የነገረችኝ ብርቄ ናት። ብርቄ ያኔ ቢላ በምትባል የወለጋ ከተማ ታስተምር የነበረች የሥልጠና ጓደኛዬ ናት፤ ዛሬም ድረስ የሰው ሞትና ሠርግ ከእሷ ቀድሞ የሚሰማ የለም። ስልኩን አንስቼ ገና ሃሎ ሳልል፣ «አቶ ዳምጠው አረፉ» አለችኝ።

«ሞተ?» አልኳት።

«አረፉ እንጂ! ለሞተ ሰው እንኳ አንቱታ ትነፍጊያለሽ?»

አዎ፣ እነፍጋለሁ። ፊት ለፊቱ ስቆም «እርስዎ» ስለው ኖሬያለሁ፤ ፊርማው በእጁ ነበረና። አሁን የሚፈርምልኝ ነገር የለም። ነፍስ ይማር ማለቱን ለብርቄ ትቼላት እኔ የማውቀውን ልጻፍ። ያልረሳሁት ስለወደድኩት አይደለም።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ፊደልና ቁጥር ሳይማሩ ያደጉ ሰዎች ይማሩ ተብሎ በየከተማው የጎልማሶች ክፍል ሲከፈት፣ ጠዋት ሕፃናት የምናስተምረው እኛው መምህራን እሑድ ከሰዓት ጎልማሶቹን እንድንይዝ ታዘዝን። ሕፃን ማስተማርና አምስት ልጅ የዳረ ሰው ማስተማር አንድ እንዳልሆነ የገባው ባለሥልጣን ተገኝቶ መሆን አለበት፣ የጎልማሶችን ሂሳብ እንዴት እንደምናስተምር የሚያሰለጥነን ሰው በክረምት ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ ተላከልን። የተላከው አቶ ዳምጠው ነው።

ቀጭን፣ ረጅም፣ በሐምሌ ዝናብም ሆነ በመጋቢት ፀሐይ ካፖርቱን የማያወልቅ ሰው ነበር። ከመጻፉ በፊት ጠመኔውን ሲሚንቶው ላይ ፍቆ ያሾለዋል። ከጻፈ በኋላ ጣቶቹን እፍ ይላል፤ አቧራው ፊት የተቀመጠው ሰው ላይ ያርፋል። ፊት የምቀመጠው እኔ ነበርኩ። ስሙ ላይ አንዲት «አ» ብትጨመርለት «አዳምጠው» ይሆን ነበር እያልን እንስቅበት ነበር። ያቺ «አ» ሳትደርሰው ቀረችና ያገኘውን ሁሉ ሲዳምጥ ኖረ።

በመጀመሪያው ቀን ባዶ የወተት ጣሳ ይዞ በየዴስኩ እየዞረ ላጲሳችንን ሰበሰበ። «ስህተታችሁ ይታይ» አለ። «ተማሪዎቻችሁም ስህተታቸውን አያጥፉ። ከጠፋ ምኑን ታርሙታላችሁ?» ዛሬ ሳስበው ሐሳቡ ሞኝ አይደለም። ያኔ ግን እኔን ያናደደኝ ላጲሴ ነው፤ አዲስ ነበረች፣ ከነጣሳው ወስዶ እስከ ዛሬ አልመለሳትም።

ሁለተኛው ትእዛዙ ክፍል ውስጥ ኦሮምኛ እንዳይሰማ ነው። «ሂሳብ ቋንቋ የለውም» ይላል፣ ጣቱን ቀስሮ። «ሁለት በምንም ቋንቋ ብትሉት ሁለት ነው። ስለዚህ በአማርኛ በሉት።» ይህን «ስለዚህ» ከየት እንዳመጣው የሚጠይቅ ሰው አልተገኘም። ከመስኮቱ ማዶ ገበያው በኦሮምኛ ይደምራል፣ በኦሮምኛ ይቀንሳል። የእኔ አባት እንኳ ከጉራጌ አገር መጥቶ ነቀምቴ ላይ ሱቅ የከፈተ ነጋዴ ነው፤ እኛን ሲቆጣ በጉራጊኛ ነው፣ ሲሸጥ ግን በኦሮምኛ። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ገብተን በር ስንዘጋ ግን ወለጋ ወለጋ መሆኑ ይቀራል።

ማስተማር አይችልም ነበር ብል እዋሻለሁ። አንድ ቀን ሸንኮራ ይዞ መጣና ክፍልፋይን በሰንጢ እየቆረጠ አሳየን። ግማሹን ከግማሽ፣ ሩቡን ከሩብ እያጋጠመ፣ አንድ ስምንተኛ ከአንድ አራተኛ ለምን እንደሚያንስ እጃችን ላይ እስኪያስቀምጠው ድረስ አስረዳን። እኔ ራሴ ክፍልፋይን በሽምደዳ እንጂ በማየት አላውቀውም ነበር። ትምህርቱ ሲያልቅ ስምንቱንም ስምንተኛ በጋዜጣ ጠቅልሎ ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ከትቶ ሄደ። ሃያ ምናምን ሰው ምራቁን እየዋጠ ቀረ።

ከጊዳ አያና የመጡ መሪጌታ ሀብቴ የሚባሉ መምህር ነበሩ፤ ሃምሳን የተሻገሩ፣ ነጭ ጥምጥም የማይለያቸው። የቤተ ክህነት ሰው ስለሆኑ የሚያሰሉት አውራ ጣታቸውን በሌሎቹ ጣቶች አንጓ ላይ እያስኬዱ ነው። የዐቢይ ጾም መቼ እንደሚገባ በዚያች አንጓ ቆጥረው ይነግሩናል፤ ስተው አያውቁም። አንድ ቀን አቶ ዳምጠው እጃቸው ከዴስኩ ስር ሲንቀሳቀስ አየ።

«ምንድነው የምትፈትለው አንተ?» አላቸው። አንተ!

«እቆጥራለሁ ጌታዬ።»

«ጣት የመሃይም ደብተር ነው። በል ሁለቱንም እጅህን ራስህ ላይ አድርግ።»

መሪጌታ እጃቸውን ጥምጥማቸው ላይ አደረጉ።

«አሥራ ስምንት በሰባት ሲባዛ?»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ሁላችንም ወለል ወለሉን እናያለን። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩና «መቶ ሃያ ስድስት» አሉ። ልክ ነበሩ። ከዚያ እጃቸውን አወረዱ፣ ጥምጥማቸውን አቃኑ፣ ዣንጥላቸውን አነሱና ወጡ። በዚያው ወደ ጊዳ አያና ተሳፈሩ። ሲወጡ አንድ ቃል የተነፈሰ ሰው የለም። እኔም አልተነፈስኩም።

አቶ ዳምጠው ግን በሩ ሲዘጋ ጠብቆ፣ ደጋግሞ የሚላትን ቃል አለ፦ «ጎልማሳ ሲሳሳት መምህሩን ፈልጉ። የተማሪው ስህተት ባለቤት መምህሩ ነው።»

ክረምቱ አለፈ፤ ክፍሎቻችንን ከፈትን። በእኔ ክፍል ከሁሉ የሚቀድሙት ኦቦ ቀጄላ ነበሩ። ወደ ጉቴ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ የጡብ ማምረቻ ውስጥ ጭቃ ሲረግጡ ሃያ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው። ሲቀመጡ ጉልበታቸው ይንቋቋል፤ ሲነሱ ዴስኩን ይዘው ነው። በዚያ ዓመት የማምረቻው ካቦ አርጅቶ ወደ አገሩ ገባና ባለቤቱ አንድ ነገር ተናገረ፦ ከጎልማሶች ትምህርት ቤት የሂሳብ ወረቀት ያመጣ ካቦ ይሆናል። ካቦ ማለት ከእቶኑ አጠገብ ደረቅ መሬት ላይ ቆሞ የሚያሠራ፣ የተመረተውን ጡብ የሚቆጥር ሰው ነው። ኦቦ ቀጄላ ደግሞ የጡብ ክምር አንዴ በዓይናቸው ዞረውት ስንት እንደሆነ የሚናገሩ ሰው ናቸው። የሚጎድላቸው ወረቀቱ ብቻ ነበር።

«ጉልበቴ እዚያ ጭቃ ውስጥ ቀርቷል፣ ኢንታላ ኮ» ይሉኝ ነበር፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «የቀረውን ደረቅ ላይ ልቁምበት።»

እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ወደ ክፍል ይመጣሉ። እኔ ጥያቄውን ሳልጨርስ መልሱን ይሰጡኛል፤ «ጎበዝ!» እላቸዋለሁ፤ ፈገግ ይላሉ። እንደሚያልፉ አንድም ቀን ተጠራጥሬ አላውቅም።

በመጋቢት አቶ ዳምጠው በየከተማው እየዞረ ሊፈትን ተመለሰ። ፈተናው የቃል ነው። እሱና የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር ጠረጴዛ ይዘው ይቀመጣሉ፤ እኛ መምህራን ከግድግዳው ተደግፈን እንቀመጣለን፤ ተፈታኙ መሀል ላይ ይቆማል። መልሱን አቶ ዳምጠው በብዕር ይጽፋል። ሦስት ጥያቄ ነው፤ ሁለቱን የሳተ ይወድቃል።

ኦቦ ቀጄላ ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ እግራቸውን ታጥበው ገቡ። የጭቃው ቅላት ግን ከጥፍራቸው ስር አልለቀቀም።

«አንድ ሰው በቀን ሃምሳ ጡብ ቢሠራ በአራት ቀን ስንት ይሠራል?»

«መቶ ሁለት» አሉ፣ ትንፋሽ ሳይወስዱ።

አቶ ዳምጠው ከወረቀቱ ቀና አለ። «ስንት?»

«መቶ ሁለት።»

ጻፈ። «ስምንት መቶ ጡብ ለአራት ሰው እኩል ቢካፈል?»

«ለአንድ ሰው መቶ ሁለት።»

«ይሄ ሰው መቶ ሁለትን አፍቅሯታል!» ብሎ ወደ ዲሬክተሩ ዞረ። ዲሬክተሩ ሳቀ። ኦቦ ቀጄላም አብረው ፈገግ አሉ፤ ስለመለሱ የተደሰቱላቸው መስሏቸው ነበር።

«መቶ ሃምሳ ላይ መቶ ሃምሳ ብንጨምር?»

«መቶ ሦስት።»

«በቃ፣ ሂድ» አለ አቶ ዳምጠው፣ እየጻፈ።

በኦሮምኛ መቶ «ዲባ» ነው፣ ሁለት ደግሞ «ለማ»። ሁለት መቶ ለማለት መቶው ይቀድምና «ዲባ ለማ» ይባላል። ኦቦ ቀጄላ እሱን ቃል በቃል ወደ አማርኛ አምጥተው «መቶ ሁለት» አሉ፤ ሦስት መቶንም እንዲሁ «መቶ ሦስት» አሉት። ሦስቱንም ጥያቄ መልሰዋል። ነቀምቴ ገበያ ውስጥ ይህን የማያውቅ ነጋዴ የለም። አንድ ገበሬ ወደ አባቴ ሱቅ መጥቶ «ሚስማር መቶ ሁለት ስጠኝ» ሲል አባቴ ሳይጠይቅ ሁለት መቶ ይሰጠዋል። ያደግሁት እዚያ ባንኮኒ ስር ነው። ስለዚህ ክፍል ውስጥ ኦቦ ቀጄላ መቶ ሁለት ሲሉኝ ጆሮዬ የሚሰማው ሁለት መቶ ነበር። ዓመቱን ሙሉ ጎበዝ ስላቸው ከርሜ አንድም ቀን አላረምኳቸውም። የሚታረም ነገር መኖሩ ራሱ ትዝ አላለኝም። ሦስተኛውን መልስ ሲሰጡ ነው ደርሶ ያቃጨለብኝ።

ከወንበሬ ብድግ አልኩ። «ጌታዬ፣ ኦቦ ቀጄላ ሊሉ የፈለጉት…»

«አንቺን ጠየቅኩሽ?» አለ፣ ሳይዞር።

መቀጠል እችል ነበር። ነገር ግን የሥልጠና ምስክር ወረቀቴ ሳይፈረምበት እሱ ቦርሳ ውስጥ ነበር፤ ያለ እሱ የጎልማሶች መምህርነት ሹመቴ አይጸድቅም። ተማሪዬ ያሉት በኦሮምኛ ስለገባኝ ነው ብዬ መናገር ደግሞ፣ የከለከለውን ነገር ዓመቱን ሙሉ በጆሮዬ ስሠራ ከረምኩ ማለት ነው። ተቀመጥኩ። ኦቦ ቀጄላ ሲወጡ ወደ እኔ አይተው ራሳቸውን በሰላምታ ነቀነቁ።

በማግስቱ ጠዋት አቶ ዳምጠው በመምህራን ክፍል ውስጥ ሠንጠረዦቹን ሲጠቀልል አገኘሁትና ነገሩን ነገርኩት። መጀመሪያ እየጠቀለለ ነበር የሚሰማኝ። ከዚያ ቆመ። «እስቲ ድገሚው» አለኝ። ደገምኩለት። ወንበር ስቦ ተቀመጠና ደብተሩን አወጣ። ሲያዳምጥ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ሺሁስ? ሺሁንም እንደዚያው ነው የሚሉት?»

«አዎ። ኩማ ለማ ይባላል፤ ሺህ ሁለት ብለው ያመጡታል።»

«ድንቅ ነው! ይሄ እኮ ስህተት አይደለም፤ ሰዎቹ በሥርዓት ነው የሚሳሳቱት!» ፊቱ በራ። ያን ፊቱን ሳየው ደስ ብሎኝ ነበር፤ ይህን መጻፌ ለራሴም ይገርመኛል።

«እንግዲያው የኦቦ ቀጄላ ውጤት ይስተካከላላ?»

«የማን?»

«የጡቡ ሰውዬ። ትናንት መቶ ሁለት ያሉት።»

«እ… እሱማ ተጽፏል።»

«ይሰረዛ።»

«በእርሳስ የጻፍኩ መሰለሽ? በብዕር ነው፤ ዲሬክተሩም ፈርሞበታል። ለከርሞ ይፈተን።»

«ካቦነቱ እስከ ከርሞ አይጠብቃቸውም ጌታዬ። ከእኔ ክፍል ሌላ የማምረቻው ሠራተኛ አልፏል፤ ዛሬውኑ ነው የሚሾሙት።»

ደብተሩን ዘጋና አየኝ። «ጎልማሳ ሲሳሳት መምህሩን ፈልጉ ብዬ አስተምሬ ነበር። ይኸው ፈለግሁ፣ አገኘሁሽ። ዓመቱን ሙሉ ለምን አላረምሽውም? ትናንትስ አፍሽ የት ነበር?»

አፌ የት እንደነበረ እሱ ያውቃል፤ ቦርሳው ውስጥ ነበር። ቦርሳውን ከፈተ፣ ምስክር ወረቀቴን አወጣ፣ ፈረመበት፣ ቀለሙን እፍ ብሎ አደረቀልኝ። «ይገባሻል» አለኝ። ወረቀቱን ፊቱ ላይ ቀድጄ ወጣሁ ብዬ ብጽፍ ምንኛ ደስ ባለኝ። ተቀበልኩት፤ እጅ ነሥቼ አመስግኜም ወጣሁ።

በዚያው ዓመት ክረምት ለሥልጠና ተመልሶ ሲመጣ ሁለት ቀን ሙሉ ያስተማረን ስለ መቶ ሁለት ነው። «በወለጋ ባደረግሁት ጥናት የደረስኩበት» ብሎ ጀመረ። የኦቦ ቀጄላን ስም አላነሣም፤ «አንድ የነቀምቴ ሽማግሌ» እያለ፣ ድምፃቸውን እያስመሰለ፣ ጉልበታቸውን ይዘው ሲነሱ እያሳየ ተረከልን። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ፊት ነበር የተቀመጥኩት፤ ሳቁ ሲያባራ አንድ ጊዜ ዓይኑን ወደ እኔ ወርውሮ መለሰው። ሂሳብ ቋንቋ የለውም ማለቱን ደግሞ ከነአካቴው ተወው። አንዱ መምህር «አምና ቋንቋ የለውም ብለውን አልነበረም ወይ?» ብሎ ቢጠይቀው «እኔ? መቼ?» አለ። ከዚያ ወዲህ ኦሮምኛውን ሰሌዳ ላይ አትጻፉት፣ በአፍ ግን ጠይቁበት፣ ተማሪው መልስ ሲሰጥ በዕቃ አስቆጥራችሁ አረጋግጡ ሆነ ትምህርቱ።

ብርቄ በስልክ የተከራከረችኝ በዚህ ነው። «ከጊምቢ እስከ ቢላ በዚያ ትምህርት ስንት ሰው አለፈ! እኔ ራሴ ከዚያ ወዲህ በመቶ ሁለት ምክንያት የወደቀብኝ አንድ ተማሪ የለም። ይህን እንኳ አታምኚላቸውም?» አለችኝ። አምናለሁ። ጥሩ ትምህርት ነበር። እኔም ከሥራ እስክወጣ ድረስ ያስተማርኩት በሱ ነው። የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው፤ እርባና ቢስ ሰው ቢሆን ኖሮ እስካሁን ረስቼው ነበር።

ለብርቄ ያልነገርኳት አንድ ነገር አለ። ምስክር ወረቀቴ በተፈረመበት በዚያው ጠዋት፣ ከመምህራን ክፍል ወጥቼ በቀጥታ የሄድኩት ወደ ጡብ ማምረቻው ነው። ወረቀቱን ጠቅልዬ በእጄ ይዣለሁ። ኦቦ ቀጄላ ሱሪያቸውን ሰብስበው ጭቃው ውስጥ ቆመዋል። አዲሱ ካቦ ከእቶኑ አጠገብ ሆኖ ይቆጥራል፤ ይስታል፣ ከአንድ ይጀምራል።

«አካም ቡልቴ፣ ኢንታላ ኮ?» አሉኝ፤ እንዴት አደርሽ ማለታቸው ነው። ዓይናቸው ግን እጄ ላይ ነበር። «የእኔ ነው?»

«አይደለም፣ ኦቦ ቀጄላ። የእኔ ነው።»

«ባጋ ገመዴ!» አሉኝ። እንኳን ደስ ያለሽ ማለት ነው። ከልባቸው ነበር ያሉት።

ከዚያ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። መቶ ሁለት በአማርኛ ሌላ ቁጥር መሆኑን፣ ልክ መመለሳቸውን፣ መጻፉን፣ አይሰረዝም መባሉን። ጭቃው ውስጥ እንደቆሙ፣ አካፋቸውን ተደግፈው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ሰውየው እንግዳ ነው» አሉ። «አፋን ኬኛ አይሰማም። እሱ ምን ያድርግ?» አፋን ቋንቋ ነው፣ ኬኛ ደግሞ የእኛ ማለት ነው፤ እኔንም ጨምረው ነው የእኛ ያሉት። ከአካፋው ቀና አሉና፣ «አንቺ ግን ሰምተሽኛል?»

«ሰምቻለሁ።»

«ዲባ ለማ እንዳልኩ?»

«አዎ።»

«እዚያው ሳለሁ? ሳልወጣ?»

«እዚያው ሳሉ።»

«እሺ» አሉ። አካፋውን ነቀሉ፣ ፊታቸውን ወደ ጭቃው መለሱ፣ መርገጣቸውን ቀጠሉ። በሚቀጥለው እሑድ ክፍል አልመጡም፤ ከዚያም በኋላ አልመጡም።